ከእናንተ ጥቂት የቀደመውን ተማሪ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከቤተሰባችሁ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያ ለሆናችሁት ነው። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ውጭ አገር የመማር ዕድል ያመለጣቸው ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ተወዳድረው ቢሸነፉ ኖሮ ባልከነከነኝ። ወሬውን የሰሙት የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነበር።

ወላጆቹ የተማሩ ልጅ ብዙውን ነገር ሳይጠይቅ ይሰማል። ማመልከቻ የሚገባው ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑን፣ የድጋፍ ደብዳቤ በመጨረሻው ሳምንት እንደማይጠየቅ ያውቃል። እናንተ ግን ነጋሪ ያስፈልጋችኋል። እኛ መምህራን ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ስለ ጥናት መስክም እንመክራለን፤ ቅጹ ዘንድሮ ምን እንደሚጠይቅ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ግን አምና የሞላው ተማሪ ነው። እርሱን ፈልጉ።

እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረውን የብሪታንያ የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ውሰዱ። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ብቻውን ያነበበ ተማሪ ቁጥሩ አስደንግጦት ገጹን ይዘጋዋል። ያለፈበት ጓደኛው ግን ነገሩ የሁለት ዓመት ሥራ ያህል መሆኑን፣ የትርፍ ሰዓትና የበጎ ፈቃድ ሥራም እንደሚቆጠር ያስረዳዋል። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ ፈተናውን ያለጊዜው መውሰድ ገንዘብ ማባከን እንደሆነም ይነግረዋል። በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ በፈተናው ምትክ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ተማሪዬ ስለ ራሱ የሚጽፈውን ድርሰት «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብሎ ጀምሮት ነበር። ረቂቁን ያየችለት ከእርሱ የቀደመች ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ ከጎኑ «ምን ሠራህ?» ብላ ጻፈችበት። ለካስ ልጁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የታችኛው ክፍል ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ ሲያግዝ ቆይቷል! ቁም ነገር ስላልመሰለው አንድም ቃል አልጻፈም። እኔ ብሆን ሰዋስውን አርሜ የምመልስለት ይመስለኛል።

ስትጠይቁ ጥያቄያችሁን ለይታችሁ ሂዱ። «እርዱኝ» ከማለት ይልቅ «ይህን አንቀጽ እዩልኝ» የሚል ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል። የቀደማችሁን ተማሪ ድርሰት አንብቡ፣ ነገር ግን አትቅዱት። ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት አስገኝላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ራቁ።

ዕድሉን ያገኛችሁትም ረቂቆቻችሁንና የቀን መቁጠሪያችሁን አትጣሉ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ይፈልጋቸዋል። አመልክታችሁ ያልተሳካላችሁም አላችሁ፤ ምን ምክር አለን ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሰነድ የት እንደሚዘገይ፣ የቃለ መጠይቁ የትኛው ጥያቄ እንደሚያደናቅፍ ከእናንተ በላይ የሚናገር የለም።