ፍሊት፣ ውር ውር እና የሸማኔው መወርወሪያ

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ተማሪዎችሽ ቴክስት ቡካቸው ላይ ቢራቢሮ ከአበባ አበባ «ፍሊት» ታደርጋለች የሚል አገኙና ፍሊት ለዝንብ የሚነፋው መድኃኒት አይደል እንዴ ብለው ያዙሽ፣ አንቺም ዲክሽነሪ ገልጠሽ «ቀላልና ፈጣን እንቅስቃሴ» አልሻቸው፣ ግን ልብሽ አልረካም። ልክ ነሽ፣ እኔም አልረካሁም፤ ይሄ ነገር እኮ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱን እንጨርሰው። የኛ ፍሊት የዕቃ ስም ነበር፣ የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል በፈረንጆቹ 1923 ያወጣው የተባይ ማጥፊያ ነው፤ እንደ ኦሞ የአንዱ ስም ለሁሉም ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝኛው ግስ ግን ከድሮው የኖርዌይና የአይስላንድ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፣ እዛ ትርጉሙ ማጓጓዝ፣ ከቦታ ቦታ ማዛወር ነበር። ለዚህ ነው ስኮትላንድ ውስጥ ዛሬም ቤት መልቀቅ ፍሊት የሚባለው፤ የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ በጨረቃ ዕቃ ጠቅልሎ መጥፋትም በዚሁ ቃል ይጠራል። እንግዲህ ከዕቃ መጫን ተነስቶ ቢራቢሮ ላይ የደረሰ ቃል ነው፣ ክብደቱን መንገድ ላይ እያራገፈ።

አሁን ወደኛ። አማርኛው «ውር ውር አለ» ነው፣ በቃ። በአዘቦት ቀን፣ ውሃ ሳይሞላ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ሄደሽ ታውቂያለሽ? የዋርካው ሥር ግንቡን እንዳለ አቅፎ ይዞታል፣ ትንንሾቹ ወፎች ከሥሩ ወደ ግንቡ ከግንቡ ወደ ሥሩ ይመላለሳሉ፣ አንዷን በዓይንሽ ያዝኳት ስትይ ሌላኛዋ መጥታ ትወስድብሻለች። ይሄን «በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወፎቹን አላያቸውም! በፍጥነት የሚንቀሳቀስማ ባጃጅም አለ።

አንዳንዶች ከ«አለ» ጋር የሚሄዱ ቃላት የልጅ ወሬ ናቸው፣ ድምፅ እንጂ ሥር የላቸውም፣ ለቁም ነገር ጽሑፍ አይሆኑም ይላሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። «ከፈት አለ» እና «ክፍት አለ» ስንል እኮ ያው ሥር ነው፣ የመጀመሪያው በትንሹ ሁለተኛው ድንገት፤ ሌላው ቋንቋ ተውሳከ ግስ ፈልጎ የሚጨምረውን እኛ አናባቢ ለውጠን እንጨርሰዋለን። ውር ውርም ሥር አለው፣ «ወረወረ» ነው፣ በግዕዝ «ወረወ»። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ሸማኔ ነበሩ፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ቁጭ ብለው መወርወሪያዋን በድሩ መሀል ሲለቋት ዓይን አይይዛትም፣ ማጉን ይዛ ውር ትላለች፣ ደግሞ ተመልሳ ውር። ለኔ ቃሉ የተወለደው እዛ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ማስረጃ አምጣ ብትይኝ የማቀርብልሽ ጆሮዬን ነው፣ ግን እንግሊዞቹም መወርወሪያዋን የሚጠሩበት «ሻትል» ድሮ ተወርዋሪ ፍላጻ ማለት ነበር፣ ዛሬ ተመላላሽ መኪና የሚባልበትም ከሸማኔው እጅ ወጥቶ ነው። ሁለት ሕዝብ አንድ ዕቃ አይቶ አንድ ነገር አሰበ። «ቱር» እና «ሽው» ግን ሥር የላቸውም ካሉኝ፣ እሺ፣ እነሱን አልከራከርም።

ደግሞ ሁሉም ቦታ ውር ውር አትበይ። ወፏ አንዴ ተነስታ ከሄደች ቱር አለች ነው። ሐሳብ ከሆነ ውልብ ይላል፣ ፈገግታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያ በጨረቃ ቤት የለቀቀው ሰውዬ ደግሞ ፈትለክ ብሏል፣ ይሄን ቃል እወደዋለሁ፣ ሰውየው ከእጅ ሲያመልጥ ይሰማኛል። ተማሪዎችሽ ግን «ላሽ አለ» እንደሚሉሽ አልጠራጠርም፣ ፒያሳ ላይ ሁሌ የምሰማው እሱን ነው። አልወደውም፤ ፈትለክ እያለ ላሽ ምን ያደርጋል? ግን ልጆቹ «አለ»ን አስጠግተው፣ ላሽ በል ላሽ እንበል እያሉ፣ አንድም የሰዋስው ስህተት ሳይሠሩ ነው የሚያረቡት፣ ስለዚህ ቃሉ ገብቷል፣ እኔ ባልፈልገውም።

ፍሊትንም ተያቸው፣ ቤት ውስጥ ፍሊት ይነፋ፣ «ፀረ ተባይ» በሉ ብዬ ለዓመታት ለፍቼ አንድ ሰው አልሰማኝም። ሰሌዳው ላይ ግን «ቀላልና ፈጣን እንቅስቃሴ» የሚለውን አጥፊና «ቢራቢሮዋ ከአበባ አበባ ውር ውር ትላለች» ብለሽ ጻፊላቸው።