የደን አየር ጥበቃ እንጀራ ይሆናል ወይ? ለወንዶ ገነት ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህቴ፣

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ዘንድሮ እንደምትመረቂ፣ በአሜሪካ የሕዝብ ደኖች ውስጥ ዋና ሥራቸው የደኑን አየር መጠበቅ የሆነ ባለሙያዎች እንዳሉ አንብበሽ ልብሽ ወደዚያ እንዳዘነበለ፣ ይሁንና በአገራችን እንዲህ ያለ የሥራ መደብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይተሽ እንደማታውቂ፣ ቤተሰቦችሽም ባንክ ብትቀጠሪ እንደሚመርጡ ጽፈሽልኛል። ይህ ምኞትሽ እንጀራ ይሆን እንደሆነ፣ ካልሆነም ትተዪው እንደሆነ ጠይቀሻል። አትተዪው። የመደቡን ስም ፍለጋ ግን አቁሚና ሥራውን ራሱን ፈልጊ፤ በእኛ አገር ሥራው በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የሚገኝ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ዋናው መግቢያ በሩ የደን እሳትና ጭስ ነው።

አስቀድሜ ያነበብሽው ሥራ በምን ላይ እንደቆመ ላስረዳሽ። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ሰፋፊ ብሔራዊ ፓርኮችና ጥብቅ የዱር ክልሎች አንደኛ ደረጃ ጥበቃ እንዲያገኙ ተደረገ፤ ቁጥራቸውም 156 ነው። በአቅራቢያቸው ትልቅ ፋብሪካ ወይም የኃይል ማመንጫ ሊተክል የሚፈልግ ድርጅት የሚለቀው ጭስ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚያስከትለውን ተፅዕኖ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ማሳየት ይኖርበታል፤ ቦታውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን መርምሮ አስተያየት ይሰጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ደግሞ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚያንዣብበው ብክለት ወለድ ጭጋግ ተወግዶ እስከ 2064 እ.ኤ.አ. የአድማሱ ጥራት ወደ ተፈጥሯዊ ሁኔታው እንዲመለስ ግብ አስቀምጧል። እንግዲህ የዚያ ባለሙያ ሥልጣን ምንጩ ሕጉ ነው፤ ከሐይቅ ውሃ፣ ከቅጠልና ከዛፍ ቅርፊት የሚሰበስበው መረጃ በፈቃድ ሰጪው ፊት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

በእኛም ዘንድ የሕግ መሠረቱ አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጡትን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ንና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ን፣ እንዲሁም በ2010 ዓ.ም. የወጣውን የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065ን የሌላ ሰው ማጠቃለያ ሳትጠብቂ ከራሳቸው ከአዋጆቹ አንብቢ። በደን አጠገብ የድንጋይ ካባ፣ መንገድ ወይም ፋብሪካ ሲታቀድ ከተፅዕኖ ግምገማ ጥናቱ ውስጥ ስለ አየሩ የሚጻፈውን ክፍል የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ዛፍ የሚያውቀው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አየር መለካት አልተማረም፤ አየር የሚለካው ደግሞ ጽድን ከዝግባ አይለይም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋጋሽም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እሳቱን ላስቀድም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች በሰፊው ተቃጥለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተቃጠለው መሬት በሄክታር ይነገራል፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ የተነፈሰው ጭስ ግን እምብዛም አይነሣም። ከጭሱ ሁሉ የከፋው፣ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውና ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ መጠን በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጭስ የሚለካበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሌሊት በተራራ ጥግ የቀዘቀዘ አየር ቁልቁል ወርዶ በሸለቆው ውስጥ ሲተኛ ጭሱን አብሮ ይዞ ይወርዳል፤ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ደግሞ ጭሱ ተነሥቶ ይበተናል። ስለዚህ መሣሪያውን እኩለ ቀን ላይ ብቻ የከፈተ ሰው፣ መንደሩ ንጋት ላይ በጭስ ታፍኖ የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ አየሩ ንጹሕ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንቺ ከንጋት በፊት የምትደርሺ ባለሙያ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ገና ካልጀመርሽ በላይከን ላይ እንድትሠሪ እመክርሻለሁ። ላይከን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ ወይም በቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ የምታዪው ነው። ሥር ስለሌለው ምግቡን በአብዛኛው ከአየርና ከዝናብ ይወስዳል፤ በዚህም የተነሣ በተለይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲበዛ የተንጠለጠለው ዓይነት አስቀድሞ ይጠፋል፣ ቅርፊት ላይ የተጣበቀው ደግሞ ይቆያል። ማጉያ መነጽር፣ ሜትርና ትዕግሥት ካለሽ ሥራውን ኮሌጁ አጠገብ ካለው ደን መጀመር ትችያለሽ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ግን ልብ በዪ፦ በመኪና መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ከጭሱ በተጨማሪ ፀሐይና ነፋስም ይበዛበታል። ስለዚህ የመንገድ ዳሩን ዛፍ ከደኑ መካከል ካለው ጋር ብታነጻጽሪ የምትለኪው ጥላንና እርጥበትን ይሆናል። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር ያለውን መኪና ከማያልፍበት የደን ዳርቻ ጋር፣ በአንድ የዛፍ ዝርያ፣ በተቀራራቢ ውፍረትና በእኩል ከፍታ አነጻጽሪ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በጽሑፍሽ ላይ ከታየ ፈታኞችሽም ሆኑ ቀጣሪዎችሽ ሳያስተውሉት አያልፉም።

ከዚህ ጎን ለጎን የካርታ ሶፍትዌርና የስታቲስቲክስ ትንተና ተማሪ። ፈርምስ የተባለው የናሳ አገልግሎት ሳተላይቶች ያዩትን የእሳት ቦታ በነፃ ያሳያል፤ ነገር ግን በደመና የተሸፈነ እሳትና በአፈር የተደፈነ የከሰል ምድጃ ሊያመልጡት ስለሚችሉ ያየሽውን በእግርሽ ሄደሽ ማረጋገጥ ይኖርብሻል። ከሰል የሚያከስለውን ሰው በጠላት ዓይን አትዪው፤ ከሌላ ምን ገቢ እንዳለው ሳትጠይቂ ስለ ጭሱ ብቻ ብታስተምሪው አይሰማሽም። ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ የማትናገሪ ከሆነ ከአሁኑ ጀምሪ።

ለሥራ የኢትዮጵያ ደን ልማትን፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን፣ የክልሎችን የአካባቢና የደን ቢሮዎች፣ እንዲሁም የተፅዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችን ጠይቂ። በማመልከቻሽ ላይ «የደን አየር ባለሙያ» ብለሽ ከምትጽፊ ይልቅ ምን መለካት እንደምትችዪና ምን እንደለካሽ ጻፊ። ባንኩን በተመለከተ፣ ቤተሰብሽ የሚያስቡልሽ ስለ ነገ ኑሮሽ ነውና አሳባቸውን አላቃልለውም፤ ደመወዝ ካስፈለገሽ ግቢ። ሆኖም የመስክ ችሎታ ካልተሠራበት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ቅዳሜና እሑድሽን ለመለኪያሽ አቆዪ፣ ጊዜውንም አታርዝሚው። ለአማካሪሽ የምታቀርቢውን የጥናት ሐሳብ ካረቀቅሽ በኋላ ብትልኪልኝ አንብቤ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።