ፕሪንትኤፍ ላይ የሚወድቅ የአሰምብሊ ፕሮግራም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ሊኑክስ ላይ ባለ 64 ቢት አሰምብሊ እየተማርኩ ነው። ጽሑፍ በሲስተም ኮል (ከርነሉን በቀጥታ በመጠየቅ) ሳወጣ ችግር የለም። ከሜይን (ከዋናው ፈንክሽን) ውስጥ ፕሪንትኤፍን (ጽሑፍ የሚያትመውን የሲ ላይብረሪ ፈንክሽን) ስጠራ ግን ሴግመንቴሽን ፎልት (የሜሞሪ ስህተት) ብሎ ይወድቃል። ያው ኮድ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አሰምብሊውን ትቼ መጀመሪያ የኮምፒውተር አርኪቴክቸር መጽሐፍ ልጨርስ?»

አትተወው! መጽሐፉን ጎን ለጎን አንብብ፤ ግን ይህን ሳትፈታ አትለፍ። አርኪቴክቸር የሚገባህ እንዲህ ያለውን ነገር እስከ ሥሩ ስትከታተለው ነው።

ኮድህን አላየሁትም። ሲስተም ኮል ላይ ሠርቶ ፕሪንትኤፍ ላይ የሚወድቅ፣ ደግሞ ከማሽን ማሽን የሚለያይ ነገር ሲገጥመኝ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ስታኩን፣ ማለትም ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ነገራቸውን የሚያስቀምጡበትን የሜሞሪ ክፍል ነው። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ፈንክሽን ልትጠራ ስትል አርኤስፒ (የስታኩን ጫፍ የሚጠቁመው ሬጅስተር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) የያዘው አድራሻ ለ16 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ይህ ስምምነት ነው፤ ኮል የሚባለው ትዕዛዝ አይፈትሽልህም። ሜይንን የጠራው ኮል ደግሞ የመመለሻ አድራሻውን፣ ማለትም 8 ባይት፣ ስታኩ ላይ አስቀምጧል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው መስመርህ በ8 ባይት ተዛንፈሃል።

ታዲያ ፕሮግራሙን የሚጥለው ማነው? ብዙ ጊዜ ሙቭኤፒኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፔንቲየም 3 ጋር የመጣ ትዕዛዝ ነው፤ 16 ባይት በአንዴ ያንቀሳቅሳል፣ የሚሄድበት አድራሻ ለ16 ካልተካፈለ ፕሮሰሰሩ እዚያው ያስቆመዋል። የፕሪንትኤፍ ኮድ ይህን ትዕዛዝ መቼና የት እንደሚጠቀም ላይብረሪውን የሠራው ኮምፓይለር ይወስነዋል፤ ማሽኖቹ የሚለያዩትም በዚህ ነው።

በግምት ግን አትሂድ፣ በዓይንህ እየው። ጂዲቢን (ፕሮግራም እያስቆሙ የሚመረምሩበትን መሣሪያ) ክፈት፣ ፕሪንትኤፍን የሚጠራው ኮል ላይ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ነጥብ) አድርግ፣ አርኤስፒን በሄክሳዴሲማል አሳየኝ በለው። የመጨረሻው አሃዝ 0 መሆን ነበረበት። 8 ካገኘህ ጥፋተኛው ተያዘ። ሜይን እንደጀመረ አርቢፒ የተባለውን ሬጅስተር ፑሽ አድርግ (ስታኩ ላይ ሌላ 8 ባይት ይጨምራል)፣ ከመመለስህ በፊት ፖፕ አድርግ (መልሰህ አንሳው)፤ በቃ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሪንትኤፍ በኤኤል (የኢኤኤክስ ሬጅስተር ዝቅተኛው ባይት) በኩል ስንት የቬክተር ሬጅስተር (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች የሚተላለፉበት) እንደተጠቀምክ እንዲነገረው ይጠብቃል። ተራ ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ 0 ነው። ብዙ ሰው ኢኤኤክስን ዜሮ ሲያደርግ መውደቁ ይጠፋና «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። ኤኤል 0 ሲሆን ፕሪንትኤፍ የቬክተር ሬጅስተሮቹን ማስቀመጡን ስለሚዘል ሙቭኤፒኤስ ጋ ሳይደርስ አልፎ ሊሆን ይችላል እንጂ ስታኩ እንደተዛነፈ ነው፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ልታትም ያልክ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱንም አስተካክል።

ቀጥሎ የሚጠብቅህንም ልንገርህ። የሉፕ ቆጣሪህን አርሲኤክስ የሚባለው ሬጅስተር ላይ ካደረግኸው ከፕሪንትኤፍ ስትመለስ አታገኘውም፤ የተጠራው ፈንክሽን እንደፈለገ ሊያበላሸው ይችላል። አርቢኤክስ የሚባለው ሬጅስተር ላይ አድርገው፤ ግን መጀመሪያ የነበረውን ፑሽ አድርገህ መጨረሻ ላይ መልስ። ይህ ሁለተኛ ፑሽ ነውና ስታኩን እንደገና በ8 ያዛንፈዋል፣ ከአርኤስፒ ሌላ 8 ቀንስ፤ ስትወጣም መጀመሪያ 8ቱን ደምር።