መጠኑ የሚለዋወጥ ሠንጠረዥ ለምታስቀምጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ዳታ ስትመረምሩ ቁመቱም ወርዱም ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚለያይ ሠንጠረዥ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። የብዙ ጀማሪ እጅ ቶሎ የሚሄደው ሁሉንም በትልቁ ልክ ሰፍቶ ትርፉን በዜሮ ወደመሙላት ነው። ተዉት። ከ1,000 ሠንጠረዦች 999ኙ 5 በ5፣ አንዱ ብቻ 200 በ200 ቢሆን፣ ያላችሁ ቁጥር 64,975 ሆኖ ሳለ 40 ሚሊዮን ቦታ ትይዛላችሁ። እያንዳንዱ 8 ባይት ከሆነ፣ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ የሚበቃው ዳታ 320 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ፋይሉን መጭመቅ ዲስኩን እንጂ ሜሞሪውን አያድንም። ከብክነቱ የሚብሰው ግን ዜሮው ነው፤ የተለካ ይሁን የመሙያ፣ ኋላ ማን ይለየዋል? አማካዩ ሳይታወቅ ይዛባል።

ይልቅ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ረጅም መስመር ደርድሩና የእያንዳንዱን ሠንጠረዥ መነሻ፣ የረድፍ ብዛትና የዓምድ ብዛት ለብቻ ያዙ። አራት ሠንጠረዦች 2 በ3፣ 1 በ4፣ ባዶ እና 3 በ2 ቢሆኑ መነሻዎቹ 0፣ 6፣ 10፣ 10፣ 16 ናቸው። አምስት የሆኑት የመጨረሻው ማብቂያውን ስለሚያሳይ ነው፤ ባዶውም ቦታውን አልለቀቀም። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር፣ የአራተኛውን ረድፍ 2፣ ዓምድ 1 ስትፈልጉ 10 + 2×2 + 1 = 15 ይሆናል።

ይህ ስሌት የሚሠራው በረድፍ ለተደረደረ ዳታ ነው። ከፕሮግራም ቋንቋዎች ሲ (C) በረድፍ፣ ፎርትራን፣ ማትላብና አር (R) በዓምድ ይደረድራሉ። ከ1 እስከ 6 ያለው 2 በ3 ሠንጠረዥ በረድፍ ተጽፎ በዓምድ ቢነበብ የመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 3፣ 5 ይሆናል። ፕሮግራሙ ስህተት አለ አይላችሁም። ስለዚህ አደራደሩን እዚያው ፋይሉ ውስጥ ጻፉት።

በሩት (ROOT፣ የዳታ መመርመሪያ ሶፍትዌር) ለምትሠሩ፦ ተራ አሬይ (በተከታታይ የተደረደሩ ቁጥሮች) ስታስቀምጡ ሊለዋወጥ የሚችለው የመጀመሪያው ዲሜንሽን፣ ማለትም የረድፉ ብዛት ብቻ ነው። ሁለቱም ከተለዋወጡ ወይ ከላይ እንዳልኩት ዘርጉት፣ ወይ ቬክተር (ርዝመቱ የሚለዋወጥ ዝርዝር) በቬክተር ውስጥ ተጠቀሙ። ቬክተሩን ስታነቡ ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘውን) አስቀድማችሁ ባዶ (nullptr) አድርጉት፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። በአሬይ ስታነቡ ደግሞ ትልቁን ብዛት መጀመሪያ ከፋይሉ አውጡ። የያዛችሁት ቦታ ካነሰ ትርፉ የጎረቤቱን ሜሞሪ ይደመስሳል፤ ብልሽቱም ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ምንም ጥፋት የሌለበት መስመር ላይ ነው።

ነምፓይ (NumPy፣ የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ከስሪት 1.24 ጀምሮ ርዝመታቸው የተለያየ ዝርዝሮችን ሲሰጡት እምቢ ይላል። የኦብጀክት ዓይነት (dtype=object) ብላችሁ ብታስገድዱት ሲያስቀምጥ ፒክል (pickle፣ የፓይተን ዳታ ማስቀመጫ ዘዴ) ይጠቀማል። ከማታውቁት ሰው የመጣን የፒክል ፋይል አትክፈቱ፤ ውስጡ የተደበቀ ኮድ ማሽናችሁ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ከማንበባችሁ በፊት የመጨረሻው መነሻ ከቁጥሮቹ ብዛት፣ የሁለት ተከታታይ መነሻዎች ልዩነትም ከረድፍ በዓምድ ብዜት ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ። መነሻዎቹን በ64 ቢት ያዙ፤ ባለ ምልክቱ 32 ቢት 2,147,483,647 ላይ ያበቃል።