ናስ ላይ 4 ቴራውን በ8 ቴራ ስለመቀየር፦ የሚፈራው አሮጌው ዲስክ ነው

ጥያቄው ላመለጣችሁ ባጭሩ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ያለው ወንድማችን አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ የገባበት ሲኖሎጂ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ናስ አለው። በሬይድ 5 (ዲስኮቹን እንደ አንድ አሰልፎ፣ አንዱ ቢበላሽ ፋይሉ እንዳይጠፋ በሚያደርገው አሠራር) ነው የሚሠራው፤ 93 ከመቶ ሞልቷል። የጥር ሰርግ ሳይደርስ ወደ 8 ቴራ ልለውጥ፣ አንድ በአንድ ልቀይር ወይስ አራቱንም ባንዴ፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ ይላል። (ናስ ሲባል የድስቱ ናስ የመሰለው አባል ካለ፣ በኔትወርክ የሚደረስ የፋይል ማከማቻ ማለታችን ነው።)

ወንድሜ፣ አንድ በአንድ መቀየር ይቻላል፤ ናሱም ሥራውን ሳያቆም ያልፋል። ሬይድ 5 የሚችለው ግን የአንድ ዲስክ መጉደል ብቻ ነው። አንዱን አውጥተህ አዲስ ስታስገባ ይዘቱ የሚሞላው ከቀሩት ሦስት አሮጌዎች ነው፤ ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ ለዓመታት ማንም ያልነካው ቦታቸው ሳይቀር። በዚያ ሰዓት ከሦስቱ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ነገር ሄደ ማለት ነው። ይህን ደግሞ አራት ጊዜ ነው የምትደጋግመው። የተራ ዲስክ አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የሚጽፉት የንባብ ስህተት ከ100 ትሪሊዮን ቢት አንድ ነው፤ ይህም 12.5 ቴራባይት ገደማ ይሆናል። አንተ በአንድ ዙር ብቻ 12 ቴራባይት ታነባለህ። በተግባር ዲስኮች ከተጻፈላቸው የተሻለ ይሠራሉ፤ ቢሆንም የሰው ሰርግ በዚህ ላይ አይወራረድም።

ስለዚህ ገና ምንም ሳትነካ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑርህ። ያለህ ፋይል 11 ቴራባይት ገደማ ነው፤ አንድ ባለ 12 ወይም 14 ቴራ የውጭ ዲስክ ይይዘዋል። ከመቅዳትህ በፊት ሪሳይክል የሚባለውን ፎልደር ባዶ አድርግ፣ የድሮ ስናፕሾቶችንም (ናሱ የፋይሎቹን የቀድሞ ሁኔታ ይዞ የሚያቆይባቸውን) አጥፋ፤ አጠፋሁት የምትለው ቪዲዮ ስናፕሾት ውስጥ እስካለ ድረስ ቦታውን አይለቅም። ብዙ ጊዜ ሞላ የተባለ ናስ ይህ ብቻ ሲደረግለት ጥቂት ወር ይገፋል።

ዲስኩን በቀጥታ ናሱ ላይ ባለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ሰካው እንጂ በኮምፒውተር በኩል አትዞር። በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ከሄደ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኔትወርክ ከቀዳህ ግን መሀል ያለው ራውተር የ100 ሜጋቢት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ሥራውም 12 ቀን ገደማ ይሆናል። ለነገሩ ኤዲት የሚያደርጉት ልጆች ናሱ ይጎተታል ካሉ ጥፋቱ የዲስክ ላይሆን ይችላል። ባለ ጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን) እና ስምንቱም ሽቦ በትክክል የታሰረ ካት 5ኢ ኬብል ከአዲስ ዲስክ በፊት ይፈተሽ፤ ከስምንቱ አንድ ሽቦ ከላላ መስመሩ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ሊወርድ ይችላል።

ቅጂው ካለቀና ጥቂት ፋይል ከፍተህ ካረጋገጥክ በኋላ የእኔ ምክር አራቱንም ባንዴ ቀይር ነው። የናሱን ሴቲንግ በፋይል አውጥተህ አስቀምጥ፣ በሥርዓት ዝጋው፣ አራቱን አሮጌዎች ስታወጣ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጡ በየጀርባቸው ቁጥር ጻፍባቸው፣ አዲሶቹን አስገባ። ሲኖሎጂ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ስለሆነ በአዲሶቹ ላይ እንደገና ይጫናል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የጫንካቸው ፓኬጆች ግን እንደገና መጫን አለባቸው። ከዚያ ፑሉን (የዲስኮቹን ስብስብ) በኤስኤችአር (የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች በሚያቻችለው የሲኖሎጂ የራሱ ሬይድ)፣ ቮልዩሙን (ፋይል የሚቀመጥበትን ክፍል) በቢቲአርኤፍኤስ የፋይል አደረጃጀት ሥራና ፋይሉን መልስ። ትርፉ ይህ ነው፦ አሮጌዎቹ የሚነበቡት አንዴ ብቻ ነው፤ አራቱ እንዳሉ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ አዲሱ ሥራ ቢበላሽ በነበሩበት ቀዳዳ መልሰህ ትነሳለህ። ለአንድ ወር አትንካቸው።

ናሱ አንድ ቀን እንኳ መዘጋት የለበትም ካልክ አንድ በአንድ ሂድ። ቅጂው ግን እዚህም ግዴታ ነው። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የስማርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው መዝገብና ፍተሻ ነው) ረጅሙን ቴስት አስሂድ፣ ቀጥሎ ፑሉን ስክረብ አድርግ (ያለውን ሁሉ አንብቦ ስህተት የሚያርም ፍተሻ ነው)። ስማርት ላይ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198ን እይ። 197 ዜሮ ካልሆነ ያ ዲስክ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው ማለት ነው፤ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፣ ምክንያቱም በቀጣዮቹ ዙሮች ዳግም እንዲነበብ አንፈልግም። ሴሪያል ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ ሳትመለከት ዲስክ አትንቀል፤ ዲአክቲቬት አድርገህ አውጣው። አንዱ ዙር ከ8 እስከ 15 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ፑሉ ጤነኛ ነው ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ቀጣዩን እንዳትነካ። በሬይድ 5 አራቱም ተቀይረው እስኪያልቁ አንድ ሜጋባይት አይጨመርልህም። የአንተ ኤስኤችአር ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ከ12 ወደ 16 ቴራባይት ባደገ ነበር።

መጨረሻ ላይ 24 ቴራባይት ይኖርሃል፤ ስክሪኑ ላይ ግን 21.8 አካባቢ ነው የምታየው። አልተሰረቅክም፤ ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ናሱ በ1,024። ናሱ በ32 ቢት ፕሮሰሰር የሚሠራ የድሮ ሞዴል ከሆነ ግን አንድ ቮልዩም ከ16 ቴራባይት አያልፍም፣ ለሁለት ትከፍለዋለህ። ዲስኩን ሳትገዛ ሞዴሉን አጣራ።

ግዢው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡበት ኤስኤምአር የሚባል ዲስክ አለ፤ ዋጋው ረከስ ይላል። ለብዙ ሰዓት ያለማቋረጥ ሲጻፍበት መሸጋገሪያ ቦታው ይሞላና ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ናሱም ሞቷል ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። የሲጌት ባራኩዳ ባለ 8 ቴራው ኤስቲ8000ዲኤም004 እንዲህ ነው። የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ከ2 እስከ 6 ቴራ ያለው፣ መለያው ኢኤፍኤኤክስ ላይ የሚያልቀውም እንዲሁ መሆኑ በ2020 ነው የታወቀው። የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ፕላስ ወይም የሲጌት አይረንዎልፍ ግዛ። ካሜራ የሚገጥሙ ሱቆች የሚይዙት የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ሌላ ከጠፋ ይሠራል። ደግሞ አዲስ ተብለው የሚሸጡ ያገለገሉ ዲስኮች አሉ፤ በ2025 መጀመሪያ የተጋለጡት የሲጌት ዲስኮች በስማርት የተመዘገበው የአገልግሎት ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ፋርም የሚባለው የሲጌት ውስጣዊ መዝገብ ግን እውነተኛውን ሰዓት ይዞ ተገኝቷል፤ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ፕሮግራም አንብበው። ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር መንገድ ስታመጣቸው ስፖንጅ ውስጥ ይሁኑ፣ የመኪናው ጣሪያ ላይ አይጫኑ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከውጭ የገባ ዲስክ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ከነላስቲኩ ጥቂት ሰዓት ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ ነው የምትሰካው።

ስለ መብራት። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አንድ ሴኮንድ አይይዝም። ከግድግዳው ወደ ስታብላይዘር፣ ከዚያ ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ወደሚይዘው)፣ ከዚያ ወደ ናስ ይሁን። ባለ አራት ዲስክ ናስ ከ30 እስከ 45 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ሲነሳ አራቱ ሞተሮች አብረው ስለሚሽከረከሩ 100 ዋት ሊነካ ይችላል። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለናሱና ለራውተሩ ይበቃል፤ የኤዲት ኮምፒውተሩን ግን አትጨምርበት። ዋናው ነገር የዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ብዙ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ይተወዋል። ሰክተህ በናሱ ሴቲንግ ውስጥ ዩፒኤስን አብራ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በሥርዓት እንዲዘጋ አድርግ። ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቅ አትበለው፤ ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ ባትሪ ሃያ ደቂቃ አለኝ እያለ በአራተኛው ይሞታል። ዲስክ እየሞላ ሳለ በሥርዓት ከተዘጋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ በድንገት ከጠፋ ከሀ ሊጀምር ይችላል። ዩፒኤስ ከሌለህ የዲስኩን ራይት ካሽ (የሚጻፈው ነገር ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር ለጊዜው የሚቆይበትን ማህደረ ትውስታ) አጥፋ፤ ፍጥነት ትከስራለህ፣ ፋይል የመጥፋት ዕድሉ ግን ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው አስተዳደር ቀላል ነው፤ ስክረብ በየሦስት ወሩ፣ የስማርት ረጅም ቴስት በየወሩ፣ ማስጠንቀቂያው በኢሜል ስልክህ ላይ ይድረስ። አድሚን የሚለውን አካውንት ዝጋ። ደንበኛ ከቤቱ ፋይል እንዲያወርድ ብለህ 5000 እና 5001 ፖርትን (የናሱን መግቢያ በሮች) ለኢንተርኔት አትክፈት፤ በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት የተከፈቱ፣ ኪውናፕ የተባለ የሌላ አምራች ናሶችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል።

ከመሐል ሜዳ ከፍታ ቦታ ላይ መሆን ዲስክ ይጎዳል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው። የዲስክ ማንበቢያ በስስ አየር ትራስ ላይ ነው የሚንሳፈፈው፤ አየር የሚገባባቸው ዲስኮች እስከ 3,050 ሜትር አካባቢ ነው የሚፈቀድላቸው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናት፤ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 በላይ ስለሆነች ጠርዙ ላይ ናችሁ። 12 ቴራና ከዚያ በላይ ያሉት አብዛኞቹ በሂሊየም የታሸጉ ስለሆኑ የውጭው አየር መሳሳት እንደ እነዚያ አይነካቸውም። ለአንቺ ከአራት ትናንሽ ይልቅ ሁለት ባለ 12 ቴራ በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ሙሉ ቅጂ በሚሆንበት) ይሻላል። ላዩ ላይ አትሸፍኑ የተባለ ትንሽ ቀዳዳ ካለው አየር የሚገባበት ነው፣ እሱን ተዪው።