ማርታ ኮሪ ስላነበበች

ጥያቄ፦ በአሜሪካዋ ሳሌም ስለተካሄደው የጥንቆላ ክስ የሚያወሳውን የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» ተውኔት እያጠናን ነው። የፒዩሪታኖች (የሳሌም ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) የሴት ንቀት የቱ ላይ ጎልቶ ይታያል?

መልስ፦ ብዙዎች ሌሎችን በጥንቆላ የምትከሰውን ልጃገረድ አቢጌልን ይመርጣሉ፤ እናንተ ግን ከማርታ ኮሪ ጀምሩ። በመጀመሪያው ገቢር ባሏ ጃይልስ፣ ሚስቱ መጽሐፍ እየደበቀች ማንበቧ ምን ማለት እንደሆነ ቄስ ሄልን ይጠይቃል። ወንድ ቢያነብ ማን ይጠይቅ ነበር? በሁለተኛው ገቢር ዋልኮት የተባለ ሰው ከእሷ የገዛው አሳማ መሞቱን አንስቶ በመጽሐፎቿ እንደደገመችበት ይከሳታል። የባል ተራ ጥርጣሬ እንዲህ ነው ሚስትን ወህኒ የሚያወርደው።

አቢጌልን ከጠቀሳችሁ ተጠንቀቁ። ተውኔቱ 17 ዓመት ይሰጣታል፤ በእውነተኛው ታሪክ በ1692 እ.ኤ.አ. ግን የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በተውኔቱ የምትወደው ባለትዳር ገበሬ ፕሮክተር ደግሞ ወደ 60 የተጠጋ። የሁለቱ ዝሙት የደራሲው ፈጠራ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ቅናተኛ ልጃገረድ ላይ መጫኑ የሚለር ምርጫ እንጂ የሳሌም ታሪክ አይደለም።