«ላፍት አት ባይ»፦ ሁለት መስተዋድድ ጎን ለጎን ለምን ይቆማል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እንደገባኝ ይህ ነው። ፈተና ላይ «ሺ ዋዝ ላፍት አት ባይ ኸር ክላስሜትስ» የሚለው ምርጫ ትክክለኛ መልስ ሆኖ አገኘኸው። «አት» እና «ባይ» ተከታትለው መምጣታቸው አልዋጥልህ ስላለ አንዱ ትርፍ አይደለም ወይ ትላለህ። ትርፍ አይደለም። ሁለቱም ሥራ አላቸው፣ ሥራቸውም አይገናኝም።

ከአድራጊው ዓረፍተ ነገር ተነስ፣ ባለቤቱ ራሱ ድርጊቱን ከሚፈጽምበት፦ «ኸር ክላስሜትስ ላፍት አት ኸር»፣ የክፍል ጓደኞቿ ሳቁባት። «ላፍ» ብቻውን ተሳቢ ስለማይወስድ «ላፍ ኸር» አይባልም፤ ተሳቢውን የሚያገኘው በ«አት» በኩል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ፓሲቭ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚደርስበት ባለቤት ወደሚሆንበት ተደራጊ ቅርጽ፣ ስትገለብጠው «ኸር» ወደ ፊት ወጥታ «ሺ» ትሆናለች፣ «አት» ግን አብሯት አይወጣም፤ ከግሱ ኋላ እንደተጣበቀ እዚያው ይቀራል። «ባይ» የመጣው ሌላ ጉዳይ ይዞ ነው፤ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች፣ ማለትም ሳቂዎቹን ይመልሳል። ስለዚህ «ዋዝ ላፍት አት» አንድ ጥቅል፣ «ባይ ኸር ክላስሜትስ» ደግሞ ሌላ ጥቅል ነው። ሁለተኛውን ጥቅል ብትተወው «ሺ ዋዝ ላፍት አት» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አት»ን ብታወጣ ግን ይፈርሳል። ምርጫ ስትሞላም ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለውን እይ። ሳቂዎቹ በስማቸው ተጽፈው ካገኘህ «ላፍት አት ባይ» ያስፈልግሃል፣ ከባዶው ቦታ በኋላ ነጥብ ብቻ ካለ «ላፍት አት» ይበቃል። «ላፍት ባይ» የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ለማሳሳት ነው።

እኛ ላይ የሚከብድበት ምክንያት አለው። አማርኛም መስተዋድዱን አይጥለውም፤ «ተሳቀባት» ውስጥ «በ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ አለች። ልዩነቱ ባለቤቱ ላይ ነው። «ተሳቀባት» እንላለን እንጂ «ተሳቀችባት» አንልም፤ እሷ ወደ ባለቤትነት አልተሸጋገረችም፣ በተሳቢነት ቀርታለች። እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ያደርጋታል፣ ግሱም እሷን ይከተላል። ከዚህ የሚወለዱ ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ኢት ዋዝ ላፍት አት ኸር» ነው፤ ይህ አማርኛውን በቀጥታ መገልበጥ ነው። ሌላው «ሺ ዋዝ ላፍት» ብሎ ማቆም ነው፤ እሷ ወደ ፊት ስለወጣች መስተዋድዱ ሥራውን የጨረሰ ይመስላል። በጣም የሚቀራረቡ ጥንዶችም አሉ። «አልጋው ተተኝቶበታል» ማለት «ዘ ቤድ ሀዝ ቢን ስሌፕት ኢን» ነው፤ «ተጮኸበት» ማለት «ሂ ዋዝ ሻውትድ አት» ነው። ግን «በት» ባየህ ቁጥር መስተዋድድ አትጨምር፤ «ሞት ተፈረደበት» «ሂ ዋዝ ሰንተንስድ ቱ ዴዝ» ነው፤ እዚያ ያለው «ቱ» ሞትን ይዞ የመጣ እንጂ የ«በት» ምትክ አይደለም።

ከዚህ የባሰ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ፣ አማርኛው ምንም መስተዋድድ የሌለው፣ እንግሊዝኛው ግን ያለው ግስ ነው። ልጁን «ተንከባከበው»፣ ንግግሩን «አዳመጠ»፣ ዕቃውን «ፈለገ» ስንል ተሳቢው በቀጥታ ነው። በእንግሊዝኛ «ሉክ አፍተር»፣ «ሊሰን ቱ»፣ «ሉክ ፎር» ናቸው። ስለዚህ «ዘ ቤቢ ዋዝ ሉክት» ተብሎ ይጻፋል፤ ትክክሉ «ዘ ቤቢ ዋዝ ሉክት አፍተር» ነው። «ሂዝ ስፒች ዋዝ ሊሰንድ» ሳይሆን «ሊሰንድ ቱ»። መድኃኒቱ ግስን ለብቻው አለማጥናት ነው። ደብተርህ ላይ «ሊሰን» ብለህ አትጻፍ፣ «ሊሰን ቱ» ብለህ ጻፍ፤ ከጎኑም ወዲያውኑ ፓሲቩን አስቀምጥ፦ «ቢ ሊሰንድ ቱ»። «ዲል ዊዝ»፣ «ሪላይ ኦን»፣ «ሪፈር ቱ»፣ «ሰንድ ፎር»፣ «አካውንት ፎር» እንዲሁ።

«ፔይ» ለብቻው መታየት አለበት፣ ምክንያቱም አንዳንዴ «ፎር» ይፈልጋል፣ አንዳንዴ አይፈልግም። የሚከፈለው ገንዘብ፣ ዕዳ ወይም ቢል ከሆነ፣ ወይም ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ከሆነ መስተዋድድ የለም፦ «ዘ ቢል ዋዝ ፔይድ»፣ «ዘ ወርከርስ ዌር ፔይድ»። በገንዘቡ የተገዛው ነገር ባለቤት ሲሆን ግን «ፎር» ይመጣል፦ «ዘ ቲኬትስ ዌር ፔይድ ፎር»። «ብሬክ» ላይ ደግሞ መስተዋድዱ ትርጉሙን ጭራሽ ይለውጠዋል፤ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» ተሰበረ ነው፣ «ዘ ሀውስ ዋዝ ብሮክን ኢንቱ» ግን ሌባ ሰብሮ ገባበት ነው።

በግሱና በመስተዋድዱ መካከል ስም ያለባቸውም አሉ። «ቴክ ኬር ኦቭ» ሲገለበጥ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ፦ «ዘ ቺልድረን ዌር ቴክን ኬር ኦቭ»። መጨረሻ ላይ ያለውን «ኦቭ» መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። «ፔይ አተንሽን ቱ» ላይ ግን ስሙን ራሱን ባለቤት ማድረግ ይሻላል፣ በተለይ ከፊቱ ገላጭ ካለ፦ «ሊትል አተንሽን ዋዝ ፔይድ ቱ ዘ ዋርኒንግ»፣ ማስጠንቀቂያው ብዙም ትኩረት አልተሰጠውም። ለጽሑፍ ፈተና ይህኛው ቅርጽ ያምራል። ሁለት ትንንሽ ቃል የሚከተላቸው ግሶችም አሉ፤ በእነሱ ላይ «ባይ» ሲጨመር ሦስት ይሰለፋሉ፦ «ሂ ዋዝ ሉክት ዳውን ኦን ባይ ሂዝ ኔበርስ»፣ ጎረቤቶቹ ይንቁት ነበር። አትደንግጥ፣ ልክ ነው።

ተውሳከ ግስ በ«ሉክት» እና በ«አፍተር» መካከል አይገባም። ወይ «ዋዝ ዌል ሉክት አፍተር» በል፣ ወይ «ዋዝ ሉክት አፍተር ዌል»። ጊዜ ሲለዋወጥ የሚነካው «ቢ» ብቻ ነው፤ «ኢዝ ቢይንግ»፣ «ሀዝ ቢን»፣ «ማስት ቢ» እያለ ይሄዳል፣ «ዴልት ዊዝ» እንዳለ ይቆያል። አነጋገር ላይም መስተዋድዱ ተሳቢው ሲለየው በሙሉ ድምፁ ይጠራል። «ላፍት አት» ውስጥ «አት» ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እንደ «እት» አይዋጥም። «ፔይድ ፎር» ላይም «ፎር» እንጂ «ፈር» አይደለም።

ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም የሚል መምህር ካጋጠመህ፣ ያ ወቀሳ ቢያንስ ከገጣሚው ጆን ድራይደን ጀምሮ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1672 የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ በዚህ ነቅፎ ነበር። ነገር ግን በፓሲቭ ውስጥ መስተዋድዱ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ የለውም። «አት ሺ ዋዝ ላፍት» የሚባል እንግሊዝኛ የለም።

መስተዋድድ ያለው ግስ ሁሉ ግን አይገለበጥም። «ቢሎንግ ቱ» ፓሲቭ የለውም። «ኮንሲስት ኦቭ»ም የለውም፤ «ኢዝ ኮንሲስትድ ኦቭ» ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው፣ «ኮንሲስትስ ኦቭ» ወይም «ኢዝ ሜድ አፕ ኦቭ» በል። ከመስተዋድዱ በኋላ ያለው ነገር ድርጊቱ የሚያርፍበት ካልሆነ፣ ዝም ብሎ ቦታ ወይም ጊዜ ከሆነ፣ ባለቤት መሆን ያቅተዋል። «ዘ ሆቴል ዋዝ አራይቭድ አት» አይባልም፤ «ኤ ኮንክሉዥን ዋዝ አራይቭድ አት» ይባላል፣ ምክንያቱም ድምዳሜ የተሠራ ነገር ነው፣ ሆቴሉ ግን መድረሻ ብቻ ነው። አልጋውም የሚፈቀደው ተተኝቶበት ምልክቱ ስለሚታይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ ጋር ስለሚደባለቅ። «ማሪድ»፣ «ኢንተረስትድ»፣ «ኖውን»፣ «ሜድ» ፓሲቭ ይመስላሉ እንጂ የሚከተላቸውን መስተዋድድ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። በአማርኛው «ከ...ጋር» ተስቦ «ማሪድ ዊዝ» ይባላል፤ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። «ዜይ ዌር ማሪድ ባይ ኤ ፕሪስት» ካልክ ቄሱ አጋባቸው ማለት ነው። ቁሱ እንዳለ ከታየ «ሜድ ኦቭ»፣ ተለውጦ ሌላ ነገር ከሆነ «ሜድ ፍሮም»፤ መሶብ «ሜድ ኦቭ ግራስ» ነው፣ ጠጅ ደግሞ «ሜድ ፍሮም ሀኒ»። አድራጊው በ«ባይ»፣ መሣሪያው በ«ዊዝ» ይገባል፦ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን ባይ ኤ ቦይ ዊዝ ኤ ስቶን»።

ስትጠራጠር ዓረፍተ ነገሩን ወደ አድራጊ መልሰው። አድራጊው ያለ መስተዋድድ ከቆመ ፓሲቩም ያለሱ ይቆማል። «ዜይ ሊሰንድ ሂዝ ስፒች» ብለህ ጆሮህን ከከበደው ግን የጎደለው «ቱ» ነው፤ ፓሲቩም ውስጥ ከ«ሊሰንድ» ቀጥሎ አስገባው።